ሌሊት የሚዞር፣ ለመነሣት የሚቸገር ያረጀ ውሻ፤ በቤት ውስጥ እንዴት እንያዘው? (አዳማ)

የባቡረኛው ልጅ | መጋቢት 3

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ቢልም እባካችሁ አንብቡልኝ።

ውሻችን አንበሴ ይባላል። የጀርመን ሼፐርድና የአገር ውሻ ድቅል ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። አባቴ ከምድር ባቡር በጡረታ በተገለለ ሰሞን ቡችላ ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግቢያችንን ሲጠብቅ ኖረ። አባቴ ያለ እርሱ ከበር አይወጣም ነበር።

አሁን ዕድሜ ተጫጭኖታል። ጠዋት ሲነሣ የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላዎቹን ለማንሣት ይታገላል፤ አንዳንዴ ጀምሮ ይተወውና መልሶ ይተኛል። ሲራመድ የኋላ እግሮቹ ጥፍር ሊሾውን ሲፍቀው ይሰማል። ቀርቤ ሳየው የመካከለኛዎቹ ሁለት ጣቶች ጥፍር ተበልቶ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኗል። ዓይኑ ላይም ሰማያዊ ጭጋግ ወጥቷል።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌሊቱ ነው። ቀኑን ሲተኛ ይውልና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ግቢውን መዞር ይጀምራል። የሰርቪስ ቤቱ ጥግ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቆማል፤ መመለሻው ጠፍቶት እዚያው ሆኖ ያላዝናል። ወጥቼ አንገቱን ስይዘው ያለ ምንም ግርግር ይከተለኛል።

ጎረቤቶቻችን ደግ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን «ይህ ውሻ ሳያብድ አይቀርም» ማለት ጀምረዋል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጋችሁ ገላግሉት አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሣ። እኔም አላደርገውም። ይህን ሁሉ ዘመን በራችን ላይ ያደረ እንስሳ በመርዝ እየተንፈራገጠ እንዲሞት አልፈቅድም።

ይህ ሁሉ እርጅና ብቻ ነው? ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል? ከግቢ ወደ ቤት ብናስገባውስ? ሙቀቱም እየበረታ ነው።

---

ፍራንኮ ሰፈር | መጋቢት 3

አይዞሽ እህቴ። የእግሩ ነገር የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ዲክሎፍናክ ግማሽ ፍሬ በዳቦ ውስጥ አድርጊለት፤ ሰው ለጉልበቱ የሚወስደው ነው፣ በየፋርማሲው ይገኛል። መዥገር ካለበት ደግሞ ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ገዝተሽ እጠቢው። ወደ ቤት ማስገባቱን ግን አልደግፍም፤ የግቢ ውሻ ግቢ ነው የለመደው።

---

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ) | መጋቢት 3

እባክሽ ዲክሎፍናኩን አትስጪው። ወንድማችን በቅን ልብ እንደመከረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ምክር ምክንያት የሞቱ ውሾች በእጄ ላይ አልፈዋል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ለሰው የተሠሩ ናቸው። ውሻ ሲወስዳቸው ጨጓራውንና አንጀቱን ያቆስሉታል፤ ኩላሊቱንም ይጎዱታል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያየው ውሻው ሲነቃቃ ነው። ከዚያ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሰገራው ጥቁርና የሚያጣብቅ ይሆናል። ጥቁሩ ነገር ደም ነው። በዚህ ጊዜ የሚመጣልን ውሻ ብዙውን ጊዜ የኩላሊቱ ጉዳት ገፍቶ ነው።

ለውሻ የሚሆኑት ማስታገሻዎች ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ በክብደት ተሰልተው ይሰጣሉ። ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን 0.1 ሚሊ ግራም ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 3 ሚሊ ግራም ይበቃዋል ማለት ነው። ለሰው የሚሸጠው ፍሬ ግን 7.5 ወይም 15 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ሌላ አደጋ ነው። ባረጀ ውሻ ላይ ከመጀመራችን በፊት ኩላሊቱና ጉበቱ በደም ምርመራ መታየት አለባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቦታ ያነከሰ ውሻ ሲመጣ ዴክሳሜታዞን ይወጋል፤ ውሻውም በማግስቱ ይሮጣል። ይህ መርፌ ከሜሎክሲካም ወይም ከካርፕሮፌን ጋር ከተደረበ ጨጓራ እስከ መብሳት ይደርሳል። አንበሴ በቅርቡ ማንኛውንም መርፌ ተወግቶ ከሆነ ለሚያየው ሐኪም ሳትነግሪ እንዳትቀሪ።

ስለ ዲያዚኖን፦ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ምራቁን ያዝረበርበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለደከመ ውሻ አልመክረውም። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የመዥገር መድኃኒት ጠይቂ። እስኪገኝ ድረስ በእጅ መልቀም ይቻላል፤ ጆሮው ውስጥ፣ በብብቱና በጣቶቹ መካከል ፈልጊ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «እርጅና ነው» ብለን ከምናልፈው ነገር አብዛኛው ስም ያለው ሕመም ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ይታከማል ወይም ይቀልላል።

የኋላ እግሩን በተመለከተ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ በሼፐርድ ዘር የተለመደ ነው። ሁለተኛው የጥፍሩ መበላት ያሳሰበኝ ነገር ነው፤ እግሩን በደንብ ሳያነሣ እየጎተተው ነው ማለት ስለሆነ የነርቭ ችግርም ሊኖር ይችላል። በዚህ ዘር ላይ ቀስ በቀስ የሚመጣ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር በሽታ አለ። ቤት ውስጥ እንዲህ ፈትኚው፦ ቆሞ ሳለ ሆዱን ደገፍ አድርገሽ አንዱን የኋላ እግሩን አጥፊና የመዳፉን ጀርባ መሬት አስነኪው። ጤነኛ ውሻ ወዲያውኑ ያስተካክለዋል። አንበሴ እንደታጠፈ ከተወው ወይም ዘግይቶ ከመለሰው ነርቩ ተነክቷል። ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው ሕክምናቸው ስለሚለያይ ነው። መገጣጠሚያው ከሆነ ማስታገሻ ይረዳዋል። የሕብለ ሰረሰሩ በሽታ ብቻ ከሆነ ግን ሕመም ስለሌለው ማስታገሻ አይለውጠውም፤ የሚጠቅመው በየቀኑ ቀስ ብሎ መራመድ ነው።

ሰማያዊው ጭጋግ ብዙም አያስፈራ። የዓይን ሌንስ በዕድሜ ሲጠጥር የሚመጣ ነው፤ ውሻው ያያል፣ በጨለማ ግን ይቸገራል። ነጭ ሆኖ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ያ የዓይን ሞራ ነው።

የሌሊቱ ነገር የአንጎል እርጅና ይመስላል። ቀንና ሌሊት መገላበጥ፣ ጥግ ላይ መቆም፣ የለመዱትን ቦታ መርሳት ምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ሕመም ያለበት ውሻም ሌሊት አይተኛም፤ ሽንት የበዛበትም ይነሣል። ስለዚህ እነዚህን መልሺልኝ፦ ውኃ አጠጣጡ ጨምሯል? ከስቷል? አፉ ይሸታል? ድዱን ከፍተሽ እዪ፤ ሮዝ ነው ወይስ የገረጣ? ድብን ብሎ ሲተኛ ደረቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቁጠሪ። ከ30 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ልቡን ወይም ሳንባውን ማየት አለብን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱስ?

---

ፍራንኮ ሰፈር | መጋቢት 4

ዶክተር እናመሰግናለን። እህቴ፣ ያልኩትን ተዪው። የዶክተሩን ስሚ።

---

ከድር | መጋቢት 4

እኔ በጎረቤት ቦታ ሆኜ ልናገር። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ ግቢያችን ከውሻ ባለቤቶች ጋር በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው። ሌሊት የሚያላዝንና ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ ውሻ ባይ እኔም እፈራ ነበር። ጎረቤቶችሽ ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። በእብድ ውሻ ሰው ሲሞት ያየ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ዶክተር፣ እርጅናውንና እብደቱን የምንለይበት መንገድ ካለ በግልጽ ይጻፉልን።

ስለ ውሻው ግን ከልቤ አዝኛለሁ። በሃይማኖታችን ለተጠማ እንስሳ ውኃ መስጠት ምንዳ አለው፤ መርዝ ማብላት የሚባለውን ነገር አልቀበለውም።

---

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ) | መጋቢት 4

ወንድም ከድር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው።

ዋናው መለያ ጊዜ ነው። እርጅና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ውሻው ይበላል፣ ባለቤቱን ያውቃል፣ ሲይዙት ይከተላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ጠባዩን በድንገት ይለውጠዋል። የማይናከሰው ይናከሳል፣ ወይም ሰው የሚወደው ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፤ መንጋጋው ይላላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ከዚያ እግሩ ይሽመደመዳል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ሰው የነከሰ ጤነኛ መሳይ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ እንዲታይ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ሌሊት ሲዞር ወራት ያስቆጠረና በየቀኑ የሚበላ ውሻ በዚህ በሽታ አልተያዘም።

ነገር ግን ባረጀ ውሻ ላይ ለሃጭ ከበሰበሰ ጥርስም ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ በባዶ እጅ አፉ ውስጥ አትግቡ። ክትባቱ ያልታደሰ ውሻ ከሆነ በሐኪም ይታይ።

ማንም ሰው በማንኛውም ውሻ ቢነከስ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱ ግን አይቅር። በሽታው በሰው ላይ አንዴ ምልክት ካሳየ የሚያድን መድኃኒት የለም።

---

የባቡረኛው ልጅ | መጋቢት 5

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድም ከድርም ያልከው ገብቶኛል፤ ዛሬ የክትባት ካርዱን ይዤ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ሄድኩ። ክትባቱ በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቷል፤ የዘንድሮውም አላለፈበትም። እማማ ካርዱን ተቀብለው ለልጃቸው አስነበቡና «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም» አሉኝ። አሁን ሌሊት ሲያላዝን በአጥሩ በኩል «አንበሴ፣ ና ተኛ» ይሉታል።

ለጥያቄዎቹ፦ ውኃ አጠጣጡ አልጨመረም። ከስቷል፤ ዳሌው ላይ አጥንቱ ይዳሰሳል። አፉ በጣም ይሸታል፣ በቀኝ በኩል የላይኛው ትልቁ ጥርስ ሥሩ ድረስ ቡናማ ነገር ሸፍኖታል፤ ዙሪያው ቀልቷል። ደረቅ ነገር ሲሰጠው በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው። ድዱ ሮዝ ነው። ተኝቶ ትንፋሹን ስቆጥር ከ30 በታች ነው። እግሩን አጥፌ ስፈትነው ግራውን ወዲያው መለሰ፤ ቀኙን ግን ቆየት ብሎ ነው ያስተካከለው። ዳሌውን ወደ ኋላ ስዘረጋው ጮኸ፣ ዞሮም እጄን ላሰኝ።

---

እትዬ በላይነሽ | መጋቢት 5

ልጆቼ፣ ስለ ምግቡ ማንም አላነሣም። እኛ ጾመኞች ነን፤ አሁን ሁዳዴ ነው፣ 55 ቀን ሥጋም ወተትም ቤታችን አይገባም። የእኔዋ ውሻም አርጅታለች። የምትበላው እኛ የምንበላውን ነው፤ የተረፈ ሽሮ፣ ምስር ወጥ በእንጀራ ፈትፍቼ እሰጣታለሁ። ሽንኩርት ውሻን ይጎዳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው እንዴ ዶክተር ልጄ? ወጥ ያለ ሽንኩርት እንዴት ይሆናል?

---

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ) | መጋቢት 5

እትዬ፣ እውነት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም በውሻ ደም ውስጥ ያለውን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ በደሙ ላይ ጉዳት ይታያል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆንም ይጠራቀማል። መቀቀልም ሆነ ማቁላላት ጉዳቱን አያጠፋውም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ወጣት ውሻ ተቋቁሞት ሊኖር ይችላል፤ ያረጀና ደም ያነሰው ግን አቅም ያጣል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። በርበሬውና ጨውም አይመቹትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምስሩ ወይም ሽሮው ድስት ከመግባቱ በፊት የእርሷን ድርሻ ይቀንሱላት። ምስር ወይም አተር ክክ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት በደንብ አብስለው ከሩዝ ወይም ከቅንጬ ጋር ይቀላቅሉት። ካሮት ወይም ዱባ ቀቅለው ቢጨምሩበት መልካም ነው። እንቁላል ግን ቢፈቅዱላት ደስ ይለኛል፤ ጾሙ የእርስዎ ነው፣ የእርሷ አይደለም። ያረጀ ውሻ ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ኩላሊቷ መታመሙ በምርመራ ካልታወቀ በስተቀር ፕሮቲን አይቀንሱባት። ምግቡን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ይስጧት።

---

እትዬ በላይነሽ | መጋቢት 5

ተባረክ። እንቁላሉን ከጎረቤት አስቀቅዬ አመጣላታለሁ፤ በእኔ ድስት አይነካካም እንጂ እርሷ ምን በደለች።

---

ከድር | መጋቢት 6

እትዬ፣ እኔ ሥጋ ቤት አለኝ። በእናንተ ጾም ወራት የእኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው። ሳንባ ለውሻ ርካሽ ነው፤ የሚመጣ ሰው ካለ አስቀምጣለሁ። አጥንትም አለ።

---

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ) | መጋቢት 6

ከድር፣ ደግ አስበሃል። ሁለት ነገር ግን ለደንበኞችህ ሁሉ ንገርልኝ።

ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አይሰጥም። በበግና በከብት ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ አይተህ ታውቃለህ፤ እርሱ የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል። ከዚያ በእጅ፣ በአትክልት፣ በውኃ ወደ ሰው አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ፊኛ ያድጋል፤ ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፍላ። ፊኛ የታየበትን ደግሞ ቅበረው እንጂ ለማንም ውሻ አትጣል።

አጥንቱን ደግሞ ላረጀ ውሻ ባይሆን እመርጣለሁ። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩ አንጀት ይወጋል፤ ጥርሱ የታመመውን ደግሞ ያሰቃየዋል። መረቁን ግን ያለ ጨው ስጡት።

የባቡረኛው ልጅ፣ መልሶችሽ በጣም ጠቃሚ ናቸው። መገጣጠሚያውም ነርቡም ያሉበት ይመስላል፤ ጥርሱ ደግሞ በእርግጠኝነት ያመዋል። ለክሳቱ አንዱ ምክንያት ጥርሱ ሊሆን ይችላል። አዳማ ያለው ሐኪም ኤክስሬይ ከሌለው ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም፤ በሞጆ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚህ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በማለዳ ውጡ፤ ከ5 ሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ያረጀን ውሻ ይጥለዋል። ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ አትስጪው፣ ውኃ ግን አይከልከል።

---

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ) | መጋቢት 6

ከዚህ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ቢልም ሴት ውሻ ላላችሁ አንድ ነገር ልናገር። የእኛዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አልመከነችም። ኮርማ ፈልጋ ካለፈች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውኃ አብዝታ መጠጣት ጀመረች፣ ምግብ ተወች፣ ሆዷ ነፋ። መጀመሪያ ያያት ባለሙያ «አርጅታለች» ብሎ ቫይታሚን ወግቶ መለሰን። ባለቤቴ ግን አላመነችም፤ በዚያው ቀን ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ማኅፀኗ መግል ሞልቶ ነበር። በዚያው ምሽት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ማኅፀኗ ወጣ፤ ተረፈች። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዩ ፈንድቶ ይገድላት ነበር አለን። ያልመከነች ያረጀች ሴት ውሻ ውኃ ስታበዛ እባካችሁ እንዳትጠብቁ። ጡቷንም በየጊዜው ዳስሱ፤ ምስር የምታህል እብጠት ካገኛችሁ ታይታ ትወገድ።

---

የመጋዘን ጥበቃ | መጋቢት 7

እኔ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሻ ሳይኖር ያደርኩበት ሌሊት ጥቂት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ውሾች አርጅተው እስከ መጨረሻቸው አብሬያቸው ነበርኩ። ሕክምናውን ለዶክተሩ ትቼ አያያዙን ልናገር።

መኝታው ላይ አትቆጥቡ። የከሳ ውሻ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ክርኑና ዳሌው ይላጣል፣ ከዚያ ይቆስላል። አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ በላስቲክ ሸፍናችሁ በላዩ አሮጌ ጋቢ አንጥፉ፤ ጋቢው ይታጠባል፣ ላስቲኩ ይወለወላል። ስፖንጅ ካልተገኘ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የጤፍ ጭድ ሙሉበት፤ ጭዱ ግን ቶሎ ቶሎ ይለወጥ፣ ቁንጫ ይወልዳልና። መነሣት ያቃተው ከሆነ በየሦስት አራት ሰዓቱ ጎኑን ገልብጡት።

ሊሾና ሴራሚክ ያረጀ ውሻ ጠላት ናቸው። ከመኝታው እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ በሩ ቁራጭ ምንጣፍ ዘርጉ። አንዴ ተንሸራትቶ የወደቀ ውሻ ከዚያ በኋላ ለመነሣት ይፈራል፤ ሰው አልቻለም ይላል እንጂ ፈርቶ ነው። የምግብና የውኃ ዕቃውን በጡብ ከፍ አድርጉለት፣ አንገቱን እንዳይደፋ።

ሲነሣ ለማገዝ ጭራውን ወይም ቆዳውን አትጎትቱ። ረጅም ፎጣ በሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዙና ክብደቱን ብቻ አቅልሉለት፤ እርምጃውን እርሱ ይርገጥ። ሌሊት ደግሞ አንድ አነስተኛ አምፖል አብርቶ መተው ይረዳል። የእኔዎቹ መብራት ከበራላቸው በኋላ ልቅሷቸው በጣም ቀንሶ ነበር። በጆሮው መስማት ያቆመ ውሻ ከሆነ ከኋላ ሄዳችሁ አትንኩት፤ እግራችሁን መሬት ላይ ረገጥ አድርጉ፣ ንዝረቱ ይሰማዋል።

---

ማኅሌት | መጋቢት 7

ሁሉንም አነበብኩ፤ ተባረኩ። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «በመርፌ ይረፍ» ቢሏችሁስ? እኔ ነፍስ የሰጠ እርሱ ይውሰድ ባይ ነኝ። ስለ መከራው ብዬ ለመግደል ፈቃድ ያለኝ አይመስለኝም።

---

የመጋዘን ጥበቃ | መጋቢት 7

እህት ማኅሌት፣ እኔም እንዲያ አስብ ነበር። ሁለተኛው ውሻ ግን በመጨረሻው ሰሞን ሽንቱ ላይ ተኝቶ፣ ትል በቁስሉ ገብቶ፣ ውኃ እንኳ እየተፋ ነበር። እርሱን እያየሁ «ይጠብቅ» ማለት ለእኔ ሕሊና ማዳን እንጂ ለእርሱ ርኅራኄ አልነበረም። ሐኪም መጥቶ መጀመሪያ አስተኛው፣ ቀጥሎ በማደንዘዣው አሳረፈው። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ይህንና መርዝን አንድ ማድረግ አልችልም።

---

ማኅሌት | መጋቢት 8

አልፈርድብህም ወንድሜ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ነገር ግን ከጎኑ ሆነህ መቆየትህን አከብራለሁ።

---

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ) | መጋቢት 8

በዚህ ጉዳይ ቤተሰቡ ይወስናል፤ ሐኪም የሚነግራችሁ የሚያየውን ነው። እኔ ባለቤቶችን የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ ይበላል ወይ? በራሱ ወይም በትንሽ እገዛ ተነሥቶ ይሸናል ወይ? ስትመጡ ጭራውን ይወዘውዛል ወይ? በሳምንቱ ውስጥ መልካም ቀኖቹ ከክፉዎቹ ይበልጣሉ ወይ? በቀን መቁጠሪያ ላይ በየምሽቱ ምልክት አድርጉ፤ ከትዝታ ይልቅ እርሱ ያስታውሳችኋል። አንበሴ በተጻፈው መሠረት ከዚያ ሩቅ ነው።

---

የባቡረኛው ልጅ | መጋቢት 14

ቢሾፍቱ ደርሰን መጣን። አባቴ ካልሄድኩ ብሎ አብሮን ሄደ፤ በኮንትራት መኪና ከኋላ ወንበር ላይ የአንበሴን ጭንቅላት ይዞ ተቀመጠ።

የደም ምርመራው ኩላሊቱም ጉበቱም ደህና መሆናቸውን አሳየ። ኤክስሬዩ ላይ የቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ ሐኪሟ የነርቡም ነገር መጀመሩን ነገረችን። የታመመው ጥርስ ሥሩ መግል ይዞ ነበር። በማደንዘዣ ተነቀለ፤ ማደንዘዣው አስፈርቶን ነበር፣ በሰላም ነቃ። የውሻ ሜሎክሲካም በፈሳሽ መልክ ተሰጠን። ሌሊት አምፖል አብርተን እንተዋለን፤ መኝታውን በረንዳ ላይ በሩ አጠገብ አደረግነው፤ አባቴ በመስኮት ያየዋል። ምንጣፎቹንም ዘርግተናል። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይዞራል፤ ግን ሳያላዝን ተመልሶ ይተኛል። ጥርሱ ከወጣ ወዲህ የምግብ ዕቃውን ይልሳል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ ነው የምሰጠው? አባቴ ደግሞ እንደ ድሮው ጠዋት አብሮት መራመድ ፈልጓል፤ ለሁለቱም ጉልበት ይበዛባቸዋል ብዬ ፈራሁ።

---

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ) | መጋቢት 14

ዜናው አስደሰተኝ። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ስጪው። የተሰጠሽ መለኪያ ስሪንጅ በኪሎ የተቆጠረ ከሆነ በሻይ ማንኪያ አትተኪው። ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ምግብ ካቆመ በዚያው ቀን መድኃኒቱን አቁመሽ ደውይ። ደሙ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ቀጠሮውን እንዳታሳልፉ።

አባትሽ ይራመዱ፤ አንበሴም ይራመድ። ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ አስፋልቱን በእጅሽ ጀርባ ንኪው፣ ካቃጠለሽ መዳፉን ያቃጥለዋል። አንድ ረጅም መንገድ ከመሄድ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር አጭር ይሻላል። ማለክለኩ ካልበረደ ወይም ድዱ በጣም ከቀላ ጥላ ውስጥ አስቀምጠሽ ሆዱንና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቢ። የውሻ ጤነኛ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 40ን ካለፈ እያቀዘቀዛችሁት ወደ ሐኪም ውሰዱት። የቀኝ ኋላ እግሩ ጣቶች እየተላጡ ከሆነ ለእግር ጉዞ ብቻ የሕፃን ካልሲ አልብሺው፤ ቤት ስትገቡ አውልቂለት።